እምነትና የሥራ ፍላጎት፦ አንጎላችንና ሆርሞኖቻችን ምን ይላሉ?



በስታፍ ሩማችን በደረሰ አንድ ነገር ልጀምር። ባለፈው ተርም የኢንሴንቲቭ ክፍያ ዘገየ። መዘግየቱ እንኳ አዲስ አልነበረም። አዲሱ ነገር "የፊታችን ዓርብ በእርግጠኝነት ይከፈላል" መባሉ ነው። ዓርብ መጣ፣ ገንዘቡ አልመጣም። "እንግዲያው ሰኞ" ተባለ። ሰኞም አለፈ። በሰባተኛ ክፍል ሒሳብ የሚያስተምር አንድ ጓደኛችን ነበር፤ ደብተር ተሸክሞ ቤቱ ወስዶ ማታ ማታ የሚያርም ሰው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደብተር መውሰድ አቆመ። "ምነው?" ብለው፣ "ወንድሜ፣ መዘግየቱንማ ለምጄዋለሁ። ዓርብ ባትለኝ ኖሮ እስከ ወሩ መጨረሻ ዝም ብዬ እሠራ ነበር" አለኝ።

አዎ፣ ዓርብ ያልኩት እኔ ነበርኩ። የተነገረኝን ሳላጣራ ለስታፉ አስተላለፍኩ።

ነገሩ ሲከነክነኝ ቆየ። ጀምሬ ባልጨረስኩት የባዮሎጂ ትምህርት ያወቅኩትን፣ ከዚያ ወዲህ ካነበብኩት ጋር አዳምሬ ሳየው፣ የጓደኛዬ አነጋገር ከአንጎል ሳይንስ ጋር የሚገጥም ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ በዚህ እትም ሦስት ኬሚካሎችን አብረን እንመልከት፦ ዶፓሚን፣ ኦክሲቶሲንና ኮርቲሶል።

1. ዶፓሚን፦ የተጠበቀና የቀረ ነገር

በአንጎላችን ውስጥ ያሉ የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡት በኬሚካሎች ነው። ከነዚህ አንዱ ዶፓሚን ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰንና ባልደረቦቹ ዶፓሚንን የሚያሟጥጥ መድኃኒት ለጥንቸሎች ሰጡ። ጥንቸሎቹ ፈዘው ባሉበት ቀሩ። ሰውነት ወደ ዶፓሚን የሚለውጠው ንጥረ ነገር ሲሰጣቸው ግን እንደገና መንቀሳቀስ ጀመሩ። ካርልሰን በ2000 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሆነ።

ብዙ ሰው ዶፓሚንን "የደስታ ኬሚካል" ይለዋል። ይህ ትክክል አይደለም። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኬንት ቤሪጅና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ዶፓሚን የሌላቸው አይጦች ጣፋጭ ነገር አፋቸው ውስጥ ሲደረግላቸው መውደዳቸው ከፊታቸው ይታያል። ነገር ግን ተነስተው አይፈልጉትም። ምግቡ አጠገባቸው እያለ ይራባሉ። እንግዲህ ዶፓሚን ከመውደድ ይልቅ ተነስቶ ለመፈለግ የሚገፋ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ቮልፍራም ሹልዝ የተባለ ተመራማሪ የጦጣዎችን የዶፓሚን ሴሎች እየለካ የፍራፍሬ ጭማቂ ይሰጣቸው ነበር። ያገኘው እንዲህ በአጭሩ ሊጻፍ ይችላል (ተማሪዎች፣ ደብተራችሁ ላይ አስፍሩት)፦

ሀ. ያልታሰበ ጭማቂ ሲመጣ ሴሎቹ ከወትሮው በላይ ይሠራሉ።
ለ. ጭማቂው ከመምጣቱ በፊት ሁልጊዜ ምልክት የሚሰጥ ከሆነ፣ ሴሎቹ የሚነሳሱት ለምልክቱ ይሆናል። ጭማቂው ሲመጣ "ይህንንማ አውቀነዋል" እንደማለት ባሉበት ይቆያሉ።
ሐ. ምልክቱ ተሰጥቶ ጭማቂው ከቀረ፣ ሴሎቹ ጭማቂው ሊመጣ በሚገባው ሰዓት ላይ ከወትሮው በታች ይወርዳሉ።

ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1997 ሹልዝ ከፒተር ዳያንና ከሪድ ሞንታግ ጋር ባወጣው ጽሑፍ ተብራርቷል። በኋላም በሰው አንጎል ላይ በተደረጉ የምስል ምርመራዎች ተመሳሳይ ነገር ታይቷል።

"ሐ"ን ልብ በሉልኝ። ጭማቂ ጨርሶ ያልተጠበቀበትና ተጠብቆ የቀረበት ቀን ለሆድ አንድ ናቸው፤ በሁለቱም ቀን ጭማቂ የለም። ለአንጎል ግን አንድ አይደሉም። በተስፋ ላይ የቀረ ነገር ከዜሮ በታች ነው። መቼም የሰው ኑሮ ከጦጣ ጭማቂ ጋር እኩል አይደለም፤ ሰው ኪራይ አለበት፣ ልጅ አለበት። ሆኖም "ዓርብ ባትለኝ ኖሮ" ያለው ጓደኛዬ ይህንኑ ነበር የሚነግረኝ። እኔ ምልክቱን ሰጠሁት፣ ጭማቂው ቀረ።

2. ኦክሲቶሲን፦ እምነት በመርፌ አይገኝም

ይህን ሆርሞን በስሙ ባያውቁትም በክሊኒክ የወለዱ ብዙ እናቶች ያገኙታል። ከወሊድ በኋላ ደም በብዛት እንዳይፈስ የሚወጋው መርፌ ብዙውን ጊዜ ኦክሲቶሲን ነው። በተፈጥሮ ግን የሚሠራው ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ሲሆን፣ ምጥን ያግዛል፣ የእናት ጡት ወተት እንዲፈስ ያደርጋል፣ በእናትና በልጅ መካከል ያለውን ትስስርም ይረዳል። ቪንሰንት ዱ ቪኞ እ.ኤ.አ. በ1953 በላቦራቶሪ ሠርቶት በ1955 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል።

በ2005 በስዊዘርላንድ ዙሪክ የተደረገ ጥናት ዓለምን አስገረመ። ሰዎች በገንዘብ ጨዋታ የማያውቁትን ሰው አምነው ገንዘባቸውን ይሰጡ እንደሆነ ተፈተኑ። ኦክሲቶሲን በአፍንጫቸው ከተነፋላቸው ውስጥ 45 በመቶው ያላቸውን በሙሉ አምነው ሰጡ። የውሸት መድኃኒት ከተነፋላቸው ግን 21 በመቶው ብቻ። ወዲያው "የእምነት ሆርሞን ተገኘ!" ተባለ።

ቸኩለው ነበር። በያንዳንዱ ቡድን የነበሩት 29 ሰዎች ብቻ ናቸው። በ2020 ከ670 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ድጋሚ ጥናት ሲወጣ ኦክሲቶሲን በአጠቃላይ እምነትን ሲጨምር አልታየም። ይህ ለሳይንስ ተማሪዎች ትልቅ ትምህርት ነው፦ አንድ ጥናት ሰምቶ መሮጥ አይገባም፣ ሲደገም ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በሆላንድ የተደረጉ ሌሎች ጥናቶች ደግሞ (የመጀመሪያው በ2010 የወጣ ነው) ኦክሲቶሲን ሰው ለራሱ ወገን ይበልጥ እንዲያደላ ሊያደርግ እንደሚችል አመልክተዋል። በዚህም ላይ ክርክሩ አላለቀም። ቢሆንም ጥያቄው እኛን ይመለከታል። ስታፍ ሩማችንን እዩት እስቲ! ኢትዮጵያዊው ከኢትዮጵያዊ፣ ሶማሊያዊው ከሶማሊያዊ፣ ደቡብ ሱዳናዊው ከደቡብ ሱዳናዊ፣ ኮንጎያዊው ከኮንጎያዊ ጋር ነው ሻይ የሚጠጣው። ገንዘብ ሲዘገይ እያንዳንዱ ጠረጴዛ "እነዚያ ተከፍሏቸዋል" ብሎ ያማል። በየጠረጴዛው ፍቅር ሞልቶ በትምህርት ቤቱ ግን እምነት ሊጠፋ ይችላል። የወገን መዋደድ ብቻውን መሥሪያ ቤት አያቆምም።

3. ኮርቲሶል፦ ከማሳይ ማራ ዝንጀሮዎች የምንማረው

ኮርቲሶል ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች የሚመነጭ ሆርሞን ነው። ጠዋት ስንነቃ ከፍ ይላል፣ አደጋ ሲመጣም በደም ውስጥ ስኳር ጨምሮ ያነቃናል። ለአጭር ጊዜ ጠቃሚ ነው። ለወራት ከፍ ብሎ ሲቆይ ግን እንቅልፍን ያውካል፣ የማስታወስ ችሎታንና በሽታ የመከላከል አቅምን ይጎዳል። ትናንት ያዘጋጀው ትምህርት የሚጠፋበት መምህር ሁልጊዜ ሰነፍ ነው ማለት አይደለም።

ሮበርት ሳፖልስኪ የተባለ አሜሪካዊ ከ1978 ጀምሮ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ በኬንያ ማሳይ ማራ፣ የዝንጀሮዎችን ደም እየወሰደ ይመረምር ነበር። በጉልበተኞች የሚገፉት የበታች ወንዶች በሰላሙም ጊዜ የጭንቀት ሆርሞናቸው ከፍ ያለ ነበር።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ግን ያልተጠበቀ ነገር ደረሰ። ከአንድ መንጋ ጉልበተኞቹ ወንዶች የቱሪስት ሎጅ ቆሻሻ መጣያ ድረስ እየሄዱ ተጋፍተው ሲበሉ፣ በተበከለ ሥጋ የመጣ የሳንባ ነቀርሳ ፈጃቸው። ለጠብ የማይሄዱት ቀሩ። መንጋው ሰላማዊ ሆነ፣ የበታቾቹም ጭንቀት ቀነሰ። የሚደንቀው ከዚያ በኋላ ነው። ከዓመታት በኋላ የቀድሞዎቹ ወንዶች አንድም ሳይቀሩ፣ ከሌላ መንጋ የመጡት አዳዲሶች የዚያን መንጋ ጠባይ ይዘው ተገኙ። ይህ በ2004 ታትሟል።

ዝንጀሮ የመንጋውን ልማድ መለወጥ ከቻለ እኛ እንዴት ያቅተናል?

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ቀን አንቁረጥ። ያልጨበጥነውን ቀን ለሰው ከመስጠት "አላውቅም፣ ሐሙስ ግን ያወቅኩትን እነግራችኋለሁ" ማለት ይሻላል። ሐሙስ ደግሞ ወሬ ባይኖርም መናገር ነው። ያኔ ቢያንስ አንድ ቃል ተፈጽሟል።

ሁለተኛ፣ መረጃ ለሁሉም ጠረጴዛ በአንድ ሰዓት ይድረስ። በሰሌዳ ላይ ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ የተሠራ ሥራ በስሙ ይጠራ። "ጎበዞች ናችሁ" ከማለት "የስድስተኛ ክፍልን የክፍልፋይ ፈተና በአንድ ቀን አርመህ መለስክ" ማለት ይሻላል። ያልታሰበ ምስጋና ወጪ የለውም።

አራተኛ፣ ማንም በሰው ፊት አይሰደብ። ይህ ለመምህር ብቻ አይደለም፣ ለተማሪም ነው። የተዋረደ ልጅ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ጆሮው ግን አይሰማም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይህን ሁሉ የጻፍኩት "ገንዘብ ባይኖርም በምስጋና ሥሩ" ለማለት አይደለም። ሆርሞን ዳቦ አይገዛም። ክፍያ በወቅቱ መድረስ አለበት፣ የሚመለከታቸውም ይህን ሊያስቡበት ይገባል። እኔ የምለው፣ በእጃችን ያለውን እምነት ደግሞ እኛው ራሳችን አናፍርስ ነው።

የሒሳብ መምህሩ ሥራውን ትቶ አሁን ገበያ ውስጥ የሞባይል ካርድ ይሸጣል። ሰባተኛ ክፍል አምስት ሳምንት ያለ ሒሳብ ቆየ። በቅርቡ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሻይ አዘዘልኝና፣ "ልጆቹ ክፍልፋይን ጨረሱ ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ። ገና ነው አልኩት። ቅዳሜ ከሰዓት ለአንድ ሰዓት መጥቶ ሊያግዛቸው ይችል እንደሆነ ብጠይቀው፣ "እሞክራለሁ፣ ግን ለልጆቹ ገና አትንገራቸው" አለኝ።

አልነገርኳቸውም። መጀመሪያ ይምጣ።

ለክፍል ውይይት፦ ሰው ቃል ገብቶላችሁ የቀረበትንና ሳትጠብቁ መልካም ነገር ያገኛችሁበትን አንድ አንድ ቀን አስታውሱ። በማግሥቱ ለትምህርት የነበራችሁ ፍላጎት እንዴት ነበር? ተወያዩበት።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።