ክህነቱ የት ሄዶ ነበር?

በ2022 የጸደይ ወራት (እዚህ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኬንሲንግተን፣ ሜሪላንድ የሚገኘው የሞርሞኖች ቤተ መቅደስ በሩን ለማንም ክፍት አደረገ። ከሲልቨር ስፕሪንግ በዋሽንግተን የቀለበት መንገድ ወደ ቨርጂኒያ የሚነዳ ሁሉ ሕንፃውን ያውቀዋል፦ ነጭ እብነ በረድ፣ ስድስት ማማ፣ 88 ሜትር ከፍታ። በ1974 ከተመረቀ ወዲህ ውስጡን የሚያይ፣ ብቁ ምእመን ለመሆኑ ከአለቆቹ የፈቃድ ወረቀት የያዘ ብቻ ነበር። ዕድሳት ከተደረገለት በኋላ ጎረቤቱ ለጥቂት ሳምንታት ሲጎበኘው ቆየ፤ በነሐሴ እንደገና ተባርኮ ለምእመናኑ ብቻ ሆነ።

በዚያው ዓመት ኢግናሺየስ ፕሬስ የተባለው የካቶሊኮች ማተሚያ ቤት፣ ሞርሞን ሆኖ ያደገው የሕግ ባለሙያ ጄረሚ ክርስቲያንሰን የጻፈውን ግለ ታሪክ አወጣ። ርእሱ በአማርኛ «ከሰስኮሃና እስከ ቲበር» ሊባል ይችላል። ሰስኮሃና በፔንስልቬንያ የሚያልፍ ወንዝ ነው። የሞርሞንነት መሥራች ጆሴፍ ስሚዝና ጸሐፊው ኦሊቨር ካውደሪ በግንቦት 1829 በዚያ ወንዝ ዳር ሳሉ መጥምቁ ዮሐንስ ተገለጠልን፣ እጁን ጭኖ የአሮንን ክህነት ሰጠን ብለዋል። ሞርሞኖች ከምድር ጠፍቶ የነበረው ሥልጣን ያን ዕለት መመለስ እንደ ጀመረ ያምናሉ። ቲበር የሮም ወንዝ ነው። አንዱን ወንዝ ትቶ ወደ ሌላው የሄደ ሰው ሃይማኖት ሰለቸኝ እያለ አይደለም። የሚጠይቀው ልጅ ሆኖ የተማረውን ያንኑ ጥያቄ ነው፦ በእግዚአብሔር ስም የማጥመቅና የመሾም ሥልጣን ያለው ማን ዘንድ ነው?

ይህን ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከሞርሞንነት የሚወጣው አብዛኛው ሰው መንገዱ ሌላ ነው። ፒው የጥናት ማዕከል በ2014 ባካሄደው ጥናት፣ በሞርሞን ቤት ካደጉት አሜሪካውያን በእምነቱ የጸኑት ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ናቸው፤ ከወጡትም ብዙዎቹ ምንም ሃይማኖት የለንም ይላሉ። ወደ ካቶሊክ የሚሄዱት ጥቂት ናቸው። ጥርጣሬው ግን ለሁሉም የሚጀምረው ከሞላ ጎደል ከአንድ ቦታ ነው፤ ከታሪክ።

ከሁሉ የሚከብደው የመጽሐፈ አብርሃም ጉዳይ ይመስለኛል። በ1835 ስሚዝና ተከታዮቹ በኦሃዮ አራት የግብፅ ሬሳዎችንና አብረው የነበሩትን የፓፒረስ ጥቅልሎች በ2,400 ዶላር ገዙ። ስሚዝ ከጥቅልሎቹ አንዱ አብርሃም በገዛ እጁ የጻፈው ነው ብሎ ትርጉሙን በ1842 አሳተመ፤ ዛሬም ከቅዱሳት መጻሕፍታቸው አንዱ ነው። ጥቅልሎቹ በቺካጎ ቃጠሎ እንደ ጠፉ ሲታመን ኖሮ በ1966 ቁራጮቹ ከኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ተገኙ። የጥንት ግብፅ ሊቃውንት ሲያነቧቸው ሆር ለሚባል የግብፅ ካህንና ለሌሎች ሙታን መቃብር የተዘጋጁ፣ ከአብርሃም ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተጻፉ ጽሑፎች ሆነው ተገኙ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ በ2014 ባወጣችው ጽሑፍ ቁራጮቹ ከታተመው መጽሐፍ ጋር እንደማይገጥሙ አምናለች፤ ትርጉሙ ግን ቃል በቃል ሳይሆን በመገለጥ የመጣ ሊሆን ይችላል ትላለች። እኛም የአብርሃምን ልጅነት የሚተርክ መጽሐፍ አለን፤ ኩፋሌ። የእኛው ዕጣ ተቃራኒ ነበር። ሙሉው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ ኖሮ፣ የዕብራይስጡ ቁራጮች በቁምራን ዋሻዎች ሲገኙ የግዕዙን ታማኝነት መሰከሩለት።

ስሚዝ ያገባቸው ሴቶች ብዛት፣ እግዚአብሔር ተገለጠልኝ ስላለበት የመጀመሪያ ራእይ የተወውና እርስ በርሱ የሚለያየው ትረካ፣ እነዚህም ይነሣሉ። ለሐበሻ አንባቢ ግን ከሁሉ የሚቀርበው የዘር ክልከላው ነው። ሞርሞኖች ነቢይ የሚሉት የስሚዝ ተተኪ ብሪገም ያንግ በ1852 በይፋ ካወጀው ጊዜ ጀምሮ እስከ ሰኔ 1978 ድረስ የጥቁር አፍሪካዊ ዘር ያለበት ወንድ ክህነት አይቀበልም ነበር፤ ወንዱም ሴቷም በቤተ መቅደስ ለሚፈጸመው ጋብቻ አይፈቀድላቸውም ነበር። ኬንሲንግተን ያለው ሕንፃ ሲመረቅ አንድ ሐበሻ ከአባላቱ መካከል ቢገኝ ኖሮ ከዚያ ሥርዓት በተከለከለ ነበር። በ2013 ለክልከላው ሲሰጡ የነበሩትን ምክንያቶች ቤተ ክርስቲያኒቱ በጽሑፍ አልቀበልም ብላለች። የሚጠራጠረው ሰው ታዲያ «ነቢያቱ 126 ዓመት በዚህ ከተሳሳቱ በሌላውስ?» ብሎ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ነው መንገዱ የሚለያየው። ብዙዎቹ ነቢዩ ከወደቀ ሁሉም ወደቀ ብለው ይሄዳሉ። ወደ ሮም የሚያቀኑት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሰው ነቢዩ ያስፈለገበትን ምክንያት ይመረምራሉ። ምክንያቱ «ታላቁ ክህደት» የሚባለው ትምህርት ነው፦ ሐዋርያት ካለፉ በኋላ ሥልጣነ ክህነት ከምድር ጠፋ፣ እስከ 1829 ድረስ እውነተኛ ጥምቀትም ሹመትም አልነበረም። ይህ እውነት ከሆነ አትናቴዎስ በአራተኛው መቶ ዓመት ፍሬምናጦስን (አባ ሰላማን) ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ ሲሾም የሰጠው ባዶ እጁን ነበር ማለት ነው፤ ከአባ ሰላማ ጀምሮ እኛ ዘንድ የተጠመቀው ሁሉ አልተጠመቀም። ሞርሞኖች ይህን የሚሉት በክፋት አይደለም፤ ከመነሻቸው የሚከተል ነው። ለሞቱ ሰዎች በውክልና የሚያጠምቁትም ስለዚህ ነው። የዓለምን የትውልድ ሐረግ የሚሰበስቡትም ለዚሁ ሲሆን፣ ቫቲካን በ2008 የአጥቢያ መዝገቦች እንዳይሰጧቸው ለጳጳሳት ማሳሰቢያ ልካለች።

የሚጠራጠረው ሰው ስለዚህ ክህደቱ መቼ እንደ ደረሰ ለማየት የጥንት አባቶችን ያነባል። በ107 ገደማ ወደ ሮም ለአራዊት ሲወሰድ መልእክት የጻፈውን፣ የእኛ ሊቃውንት ምጥው ለአንበሳ የሚሉትን አግናጥዮስን ያገኛል። ስለ ጳጳስ፣ ቀሳውስትና ዲያቆናት፣ ስለ ቅዱስ ቁርባን የተጻፈውን ሲያይ፣ የጠፋ የተባለው ነገር ከሐዋርያት አንድ ትውልድ አልፎ በቦታው ተቀምጦ ይጠብቀዋል። እውነቱን ለመናገር ይህ ማስረጃ ከሮም ይልቅ ለጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት በሙሉ የሚሠራ ነው። ወደ ካቶሊክ የገባ ሰው ለምን ወደ ኦርቶዶክስ አልሄድክም ቢባል የጴጥሮስን መንበር ይጠቅሳል፤ ያ የሌላ ጊዜ ክርክር ነው።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ስለ እግዚአብሔር ማንነት ነው። ስሚዝ ከመገደሉ ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 1844 ባደረገው ስብከት እግዚአብሔር አብ አንድ ጊዜ እንደ እኛ ሰው እንደ ነበረ አስተማረ። አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስም በሐሳብ የተስማሙ ሦስት የተለያዩ ህላዌዎች ናቸው ይላሉ። ሦስትነት በአካል፣ አንድነት በመለኮት እየተባለ ላደገ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። ሮምም በሰኔ 2001 ውሳኔዋን የሰጠችው በዚህ ነው። ያኔ ካርዲናል የነበረው ራትዚንገር ፈርሞ፣ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ አጽድቀውት የወጣው መልስ የሞርሞኖች ጥምቀት አይጸናም ይላል። ውኃው ውኃ ነው፤ «በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም» የሚለው ቃልም አለ። የጎደለው ቃሉ የሚጠራው አምላክ ነው ተባለ።

ውሳኔው በየአጥቢያው ይታያል። በርክ፣ ቨርጂኒያ ባለው የልደት ቤተ ክርስቲያንም ይሁን በሌላ የአርሊንግተን ሀገረ ስብከት አጥቢያ፣ ከሉተራን ወይም ከባፕቲስት በትክክል ተጠምቆ የመጣ ሰው ዳግመኛ አይጠመቅም። ከሞርሞን የመጣው ግን ክርስትናን እንደ አዲስ ተምሮ፣ ብዙውን ጊዜ በትንሣኤ ዋዜማ ሌሊት ይጠመቃል፤ ሞርሞኖችም ከካቶሊክ የመጣውን ያጠምቃሉ። ለእኛ ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። የካቶሊኩ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በሱስንዮስ ዘመን ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱም እንደገና ይሾሙ ብሎ አገር አተራምሷል፤ ንጉሡ በ1632 የአባቶቹን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለቀቀ። ዛሬ ሮም የኦርቶዶክስን ጥምቀት ትቀበላለች።

ከትምህርቱ ይልቅ የሚያመው ቤተሰቡ ነው። ሞርሞኖች በቤተ መቅደስ የታተመ ጋብቻ በሞት አይፈታም፣ ልጆችም ለዘላለም ከወላጆቻቸው ጋር ይታሰራሉ ይላሉ። የወጣ ልጅ ለእናቱ ከሰንሰለቱ የተቆረጠ ቀለበት ነው። የእህቱ ጋብቻ ኬንሲንግተን ሲፈጸም እሱ ውጭ ይጠብቃል፤ የመግቢያ ወረቀት የለውማ። የሚገባበት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በሰማይ ማግባትና መጋባት የለም የሚለውን የማቴዎስ ወንጌል ያነብለታል። ከተስፋ አንጻር ሲታይ ያገኘው ካጣው የሚያንስ ሊመስለው ይችላል። ቡና ግን ይፈቀድለታል! በ1833 የወጣው የጤና ሕጋቸው ቡናና ሻይ ይከለክላልና። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1993 በኢትዮጵያ እውቅና ስታገኝ ከዚህ የበለጠ የከበደ ትእዛዝ ይዛ የመጣች አይመስለኝም።

መንገዱ የአንድ አቅጣጫም አይደለም። ኢሳያስ ቤኔት የካቶሊክ ቄስ ነበር፤ ሞርሞን ሆነ፤ ተመለሰና በ1999 ስለ ሞርሞንነት መጽሐፍ ጻፈ። በሁለቱ መካከልም ጥል ብቻ የለም። በጥር 1985 የአሜሪካና የካናዳ ሞርሞኖች ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ጾመው ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰቡ፤ ከገንዘቡ ከፊሉ የደረሰን በካቶሊክ የተራድኦ ድርጅት በኩል ነው።

ከወጡት ሰዎች ጋር ሲከራከሩ ሞርሞን ወንድሞቻቸው የሚያነሡት ጠንካራ መልስ አለ። መሪዎቻችን ታሪክ ደበቁ ብለህ ወጣህ፤ የገባኸው ግን የዋሽንግተን ሊቀ ጳጳስ የነበረው ቴዎዶር ማካሪክ በጾታ ጥቃት በ2019 ከክህነቱ የተሻረበት ቤት ነው፤ እዚያስ አልተደበቀም? የወጣው ሰው፣ የካህኑ ኃጢአት ቁርባኑን አያረክሰውም፣ ማካሪክ ኃጢአቱን ትምህርት ብሎ አላስተማረም፣ ብሪገም ያንግ ግን ክልከላውን በነቢይነት ስም አወጀው ይላል። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ እኔም ከሁለቱ ይህኛው ክርክር ይመዝንብኛል። ወንድሙ ግን ነቢይም ሰው ነው፣ እኛም ስሕተቱን በ1978 አረምነው ብሎ ይቀጥላል።