የሎተሪ ገንዘብ ወዴት ይሄዳል?

በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም፥ ገበያ በሚውልበት ቀን፥ የሎተሪ ቲኬቱን በሰሌዳ ላይ ደርድሮ ከመናኸሪያው እስከ ሻይ ቤቱ የሚመላለስ ሰው አይታጣም። ከሊበን ገጠር እህሉን ሸጦ የሚመለስ ገበሬ፥ ደመወዙን የተቀበለ መምህር፥ ጠላ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ እናት ከዚሁ ሰው አንዳንድ ቲኬት ይገዛሉ። ሲገዙም ብዙዎቹ «ቢደርሰኝ ለቤቴ፥ ባይደርሰኝ ለአገሬ» ይላሉ። ንግግሩ ያማረ ነው፤ በውስጡም እውነት አለበት። ይሁን እንጂ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድር ሁሉ ከኪሱ የወጣው ብር በምን መንገድ ለአገር እንደሚደርስ፥ ስንቱስ እንደሚደርስ ሊያውቅ ይገባዋል።

የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 183 ነው። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ሲለዋወጥ እርሱ ሳይቋረጥ ቆይቶ በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 535 እንደ ገና ተቋቋመ፤ በቅርቡም በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ከሚተዳደሩት የመንግሥት ድርጅቶች ጋር ተመደበ። የእንቍጣጣሽን፥ የገናን፥ የትንሣኤን ሎተሪ፥ ዝሆን ሎተሪንና ቶምቦላን የማያውቅ ከተሜ የለም።

ከቲኬት ሽያጭ የተሰበሰበው ገንዘብ ተካፋዩ ብዙ ነው። ባለ ዕድሎቹ ሽልማታቸውን ይወስዳሉ፤ አዟሪው ኮሚሽኑን ያነሣል፤ የቲኬት ማሳተሚያ፥ የማስታወቂያና የሠራተኛ ደመወዝ ወጪም አለ። ለመንግሥት ግምጃ ቤት የሚገባው ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው። ከዚህም በቀር መንግሥት ከባለ ዕድሉ ግብር ይቀበላል፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከዕድል ጨዋታ በሚገኝ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ፥ ከ1,000 ብር በታች የሆነውን ነጻ አድርጎ ነበር። ስለዚህ ያልደረሰው ሰው ለአገሩ ሰጠሁ ሲል፥ የሰጠው የቲኬቱን ዋጋ በሙሉ ሳይሆን ከሽልማቱና ከወጪው የተረፈውን ክፍል ብቻ መሆኑን ልብ ይበል።

ያም ክፍል ቢሆን ግምጃ ቤት ከገባ በኋላ ከቀረጡና ከግብሩ ጋር ይቀላቀላል። ከሰከላ የወረደው የግሽ ዓባይ ውኃ ጣና ከገባ በኋላ ይኸኛው ጭልፋ የእርሱ ነው ተብሎ እንደማይለይ ሁሉ፥ «ይህ የፍኖተ ሰላም መማሪያ ክፍል በሎተሪ ገንዘብ ተሠራ» ብሎ በጣት ማሳየት አይቻልም። በሌላ አገር ግን ሌላ ሥርዓት አለ። እንግሊዞች በ1753 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የታወቀውን የብሪታንያ ሙዚየም ሲያቋቁሙ ገንዘቡን ያገኙት በሎተሪ ነበር፤ በ1994 የጀመሩት ብሔራዊ ሎተሪም ከሽያጩ አንድ አራተኛ የሚያህለውን ለስፖርት፥ ለኪነ ጥበብ፥ ለቅርስና ለበጎ አድራጎት በሕግ ለይቶ ያስቀምጣል። ገንዘቡ የተሰጠው ቤት ይህንኑ የሚናገር ምልክት ይለጥፋል። ቲኬት ገዢው ምልክቱን አይቶ ይፈርዳል። እንዲህ ያለው ሥርዓት ለእኛም የሚበጅ ይመስለኛል።

የእኛም ሕዝብ ዓላማው ተለይቶ ሲነገረው ምን ያህል እንደሚነሣሣ በዓባይ ታይቷል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሥራ ሲጀመር ቦንድ ተሸጠ፥ መዋጮ ተሰበሰበ፤ ከዚያም በስልክ ወደ 8100 «ኤ» የሚለውን ፊደል እየላኩ ጥቂት ጥቂት ብር ማዋጣት ተለመደ፤ ላኪዎችን ለማበረታታትም የዕጣ ሽልማት ተዘጋጅቶ ነበር። ብዙው ሰው ግን ሽልማቱን እያሰበ አልላከም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ ከዓባይ ምንጭ አጠገብ የሚኖረው የምዕራብ ጎጃም ሰው «የእኔም ፍራንክ አለችበት» ማለት ተቻለው።

አሁን ወደ ቤት ሒሳብ እንመለስ። በየሳምንቱ ለቲኬት 20 ብር የሚያወጣ አባወራ በዓመት 1,040 ብር፥ በዐሥር ዓመት 10,400 ብር ያወጣል። የዕጣው ቁጥር ባለ ስድስት አኃዝ ቢሆን ከ000000 እስከ 999999 አንድ ሚሊዮን ቁጥር አለ፤ አንደኛው ዕጣ የሚወጣው ለአንዱ ብቻ ነው። ሰውን ተስፋ ሳይቈርጥ የሚያቈየው የመጨረሻው አኃዝ ነው፤ እርሱ ከዐሥር ሰው ለአንዱ ይደርሳልና፥ የደረሰውም በዚያችው ጥቂት ብር ሌላ ቲኬት ይገዛባታል።

ዕጣ ሁሉ ግን ቁማር አይደለም። ሐዋርያት ማትያስን የመረጡት በዕጣ ነው፤ እቁብተኛም በየሳምንቱ ዕጣ ያወጣል። በእቁብ ግን ቀድሞ የደረሰውም ኋላ የደረሰውም ያዋጣውን ያህል ያገኛል፤ ዕጣው የሚወስነው ተራውን ብቻ ነው። የሐዋርያት ቀኖና ጳጳስ፥ ቄስና ዲያቆን በቁማር ቢጠመዱ ይተዉ ዘንድ፥ እንቢ ቢሉም ከሹመታቸው ይሻሩ ዘንድ ያዘዘው ስለ ሌላው ነገር ነው፤ አንዱ የሚያገኘው ሌላው ባጣው ልክ ስለሆነበት ጨዋታ።

ስለ አዟሪዎቹ ሳይነገር ማለፍ አይገባም። በአዲስ አበባ ጎዳና ሰሌዳ ይዘው ከሚዞሩት ወጣቶች ብዙዎቹ የጎጃም ገጠር ልጆች ናቸው። መሬቱ ለወንድማማቾች ሲካፈል አልበቃ ያላቸው፥ ትምህርቱን ያቋረጡ፥ ከኮሚሽናቸው ቈጥበው ለእናታቸው የሚልኩ ናቸው። ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባቸው ይውላሉ፤ ያልተሸጠው ቲኬት በእጃቸው የቀረ እንደ ሆነ ጭንቀቱ የእነርሱ ነው። የሎተሪ ገንዘብ ወደ አገራችን ገጠር በግልጽ ሲመለስ የሚታየው ምናልባት በእነዚህ ልጆች እጅ ነው።

ከቲኬቱ ይልቅ እጅግ የሚያሠጋው በእነዚህ ዓመታት የተስፋፋው የስፖርት ውርርድ ነው። ፈቃድ ሲሰጥ የቆየው ይኸው የሎተሪ አስተዳደር ስለ ሆነ መንግሥት ከዚህም ገቢ ያገኛል። ሎተሪ የዕጣውን ቀን ያስጠብቃል፤ ውርርድ ግን በየሰዓቱ ይጠራል፥ አሁን ደግሞ በስልክ ውስጥ ገብቶ ከተማሪው ኪስ ጋር ይኖራል። ወላጆች የልጃቸውን የደብተር ገንዘብ በጥያቄ ቢከታተሉ አይነቀፉም።

አንዳንድ ሰበካ ጉባኤ ለጣሪያ ቆርቆሮ ወይም ለአብነት ትምህርት ቤት ቶምቦላ ለማውጣት ያስባል። ያለ ፈቃድ ቲኬት አትሞ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ በመጀመሪያ ፈቃድ ይጠይቅ። ሽልማቱ ከመዋጮው የበለጠ ወጪ እንዳያስከትል አስቀድሞ ያስላ፤ ያለ ዕጣ በስለትና በመዋጮ የሚሞላ ከሆነም ያው ይሻላል። ዕጣው ከወጣ በኋላ ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ይዞ በዐውደ ምሕረት ቆሞ፥ ከቲኬት ይህን ያህል ገባ፥ ለሽልማት ይህን ያህል ወጣ፥ ለቆርቆሮው ይህን ያህል ተረፈ ብሎ ያነባል፤ የገዛውም ሰው ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል።