ሰሙ የማይቀልጥ ወርቅ

ትእምርት በልቦለድ ውስጥ ከራሱ አልፎ ሌላ ነገር የሚያመለክት ዕቃ፣ ስም፣ ቦታ ወይም ድርጊት ነው። ከሰምና ወርቅ ጋር ላደገ የአማርኛ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ግን ያሳስታል። በቅኔ ሰሙ የወርቁ መያዣ ነው፤ ሁለቱን ትርጉም የያዘው ኅብረ ቃል ተፈትቶ ወርቁ ከተገኘ በኋላ የሰሙ ሥራ አበቃ። በልቦለድ ሰሙ አይቀልጥም። ጋቢው ብርድ መከላከሉን፣ በሩ መዘጋት መከፈቱን ሳይተው ነው ሌላ ትርጉም የሚሸከመው።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይህን አጥርቶ ያሳያል። በዛብህ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን በስለት የሰጡት ልጅ ነው፤ ስለቱ ጋብቻን ይከለክለዋል። የሚያፈቅራትን ሰብለ ወንጌልን ከባል ያስቀራት የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት ነው፤ በዘር አይመጥናትም እየተባለ ጠያቂው ሁሉ ይመለሳል። ስሟ የወንጌል አዝመራ ማለት ነው። ደርሶ ያልታጨደ አዝመራ ምን እንደሚገጥመው ለጎጃም ገበሬ የሚያስረዳ አያስፈልገውም።

ከሁሉ የሚጠልቀው ግን ልብሱ ነው። ሰብለ ከአባቷ ቤት ስትጠፋ የመነኩሴ ልብስ ትለብሳለች። በዚያን ጊዜ ልብሱ መደበቂያ ብቻ ነው፤ መንገደኛ እንዳይለያት፣ ክፉ ሰው እንዳይደፍራት። በዛብህ ከሞተባት በኋላ ግን በእውነት ትመነኩሳለች። ማስመሰያ የነበረው ልብስ የዕድሜ ልክ ልብስ ይሆናል፤ በበዛብህ ላይ የተሳለው ስለት በእሷ ገላ ላይ የተፈጸመ ያህል። አንባቢ ይህን ሁለተኛውን ትርጉም የሚያገኘው ወደ ኋላ ተመልሶ ሲያስብ ነው። ልብሱ በመጀመሪያ ልብስ ባይሆን ኖሮ ይህ መመለስ ባልተቻለ ነበር።

በዚያው መጽሐፍ ጉዱ ካሳ የተባለው ገጸ ባሕርይ የማኅበረሰቡን አቋም ከድንጋይ ካብ ጋር ያነጻጽራል፤ ከታች ያለው የላይኛውን ተሸክሞ ይኖራል፣ አንድ ቀን የታችኛው ሲያፈነግጥ ሁሉም ይናዳል። አንባቢ በብዛት የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው፤ ግሩም ንግግርም ነው። ሆኖም ትርጉሙን ተናጋሪው ራሱ ስለሚፈታው ከትእምርት ይልቅ ለንጽጽር ይቀርባል። ካቡ ያሳምናል፤ ልብሱ ግን ሰውን ተከትሎ ቤቱ ድረስ ይገባል።

ስምም ብቻውን ትእምርት ሊሆን ይችላል። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ርዕሱም ዋና ገጸ ባሕርዩም በአንድ ቃል ይጠራሉ። ቃሉ የረጋን ውሃ መበጥበጥን ያመለክታል፤ ሳይደፈርስ አይጠራም የሚለው ተረትም ሳይጠሩት ይመጣል። የተማረው ወጣት የሚያደፈርሰው ለማጥራት ነው ወይስ ለማደፍረስ ብቻ? ስሙ ሁለቱንም ስለሚይዝ ጥያቄው ከመጽሐፉ ጋር አብሮ አይዘጋም።

ወደ አርታኢ ጠረጴዛ የሚደርሱ ረቂቆች ደግሞ የሚበላሹት ትእምርት አጥተው ሳይሆን ትእምርታቸውን አብራርተው ነው። ባሏ የሞተባት ሴት በየማለዳው ረከቦቱ ላይ ሁለት ስኒ ትደረድራለች እንበል። በአንዱ ቀድታ ትጠጣለች፤ ሌላውን፣ ቡና ያልነካውን፣ አለቅልቃ ትመልሳለች። ትዕይንቱ እዚህ ላይ አልቋል። ጸሐፊው ግን አንባቢውን ስላላመነ፣ ባዶው ስኒ የሕይወቷ ባዶነት መሆኑን የምትናገር አንዲት ዐረፍተ ነገር ይጨምራል። ያን ጊዜ ስኒው ስኒነቱን ያጣል፤ ሰሙ ቀለጠ ማለት ነው። እርማቱ ቀላል ነው፤ ዐረፍተ ነገሯ ትሰረዛለች። የሚከብደው፣ ስኒው ዳግም ሲመጣ ነገር ተለውጦ እንዲጠብቀው ማድረግ ነው። ከምዕራፎች በኋላ እንግዳ መጥቶ በዚያ ስኒ ሲቀዳለት፣ የሴትዮዋ እጅ ጀበናው ላይ ጥቂት ቢዘገይ ይበቃል።