የየቲሞች ሐቅ እንዳይጠፋ፦ ጠበቃ መቼ ይያዛል? ክፍያውስ እንዴት ይሸፈናል?



የቲምን መርዳት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ቀለቡን፣ ልብሱንና የትምህርት ወጪውን ነው። ይሁንና አባቱ ቤት ወይም ሱቅ ትቶለት እያለ፣ ሐቁን የሚጠይቅለት በማጣቱ ብቻ የሰው እጅ የሚያይ የቲም ጥቂት አይደለም። የየቲምን ገንዘብ መብላት ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ አጥብቆ ያስጠነቀቀበት ጉዳይ ነው። ሐቁን ማስመለስም ከእርዳታው ሁሉ የማያንስ ኸይር ሥራ ነው።

የትኛው ፍርድ ቤት?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) እና በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የጋብቻን፣ የቀለብን፣ የሞግዚትነትንና የውርስን ጉዳይ ያያሉ። ሥልጣናቸው የተመሠረተው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ላይ ነው፤ ፈቃድ ከሌለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይተላለፋል። አንዴ ፈቅዶ ክርክር ከተጀመረ ግን ፍርድ ቤት መለወጥ አይቻልም። ስለሆነም ምክር መጠየቅ የሚገባው ከመፍቀድ በፊት ነው።

ጊዜውም ይታሰብበት። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1000 መሠረት የውርስ ንብረት በሌላ ሰው መያዙን ያወቀ ወራሽ በ3 ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። «ዘመድ ነው፣ ይሉኝታ ያዘን» እየተባለ የቆየ ቤት በይርጋ ሊታጣ ይችላል።

ጠበቃ ሲያስፈልግና ሳያስፈልግ

ክርክር ከሌለ የወራሽነትና የሞግዚትነት ማስረጃ ለማውጣት እናት ራሷ ማመልከት ትችላለች፤ የሞት፣ የጋብቻና የልደት ማስረጃ እንዲሁም ምስክሮች ታዘጋጅ። ጋብቻው ወይም የልጁ አባትነት ከተካደ፣ ቤቱም በሌላ ሰው ስም ከዞረ ግን ያለ ጠበቃ መከራከር ከባድ ነው።

ጠበቃውን ለመምረጥ የታደሰ ፈቃዱን ማየት፣ በቤተሰብ ጉዳይ ልምድ እንዳለው መጠየቅ፣ ለሸሪዓ ጉዳይም ሁለቱንም ሕግ ማወቁን ማረጋገጥ ይገባል። አቅም ለሌላቸው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ። የዳኝነት መክፈል የማይችልም የድህነት ማስረጃ አቅርቦ በደሃ ደንብ እንዲከስ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ ይችላል።

ስለ ክፍያው

ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። ክፍያው ይግባኝን ይጨምር እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ፤ ገንዘቡም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየደረጃው ይከፈል፤ ደረሰኝ ይያዝ። ከውርሱ በመቶኛ እንዲከፈል መስማማት የሚቀነሰው ከየቲሙ ድርሻ ስለሆነ ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ውክልናውም ለክርክሩ ብቻ ይሁን፤ መሸጥን፣ መታረቅንና ገንዘብ መቀበልን አይጨምር። ሞግዚትም ብትሆን የልጁን ቤት ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መሸጥ አትችልም።

ውድ ለጋሾች፦ ለአንድ ጉዳይ ጠበቃ የሚከፈል ሶደቃ ለዓመታት የሚያኖር ቤት ሊያስመልስ ይችላል። ገንዘቡ ከዘካ የሚወጣ ከሆነ ግን አስቀድሞ ዑለሞችን መጠየቅ ይገባል።

አላህ የየቲሞችን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን፤ አሚን።