ቡታ ጋዝ ወደ ታች፣ ሃይድሮጅን ወደ ላይ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የጋራዥ ልጆች ጥያቄ በዝቷል። ዓለም ገና የቡታጅራው መገንጠያ አካባቢ የሚሠራ አንድ ወጣት ደግሞ በውስጥ መስመር እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ በሃይድሮጅን የሚሄድ መኪና አለ ይባላል። ማደያው ጋዝ ቢያፈስ ሰፈሩ አያልቅም ወይ?»

አገራችን ውስጥ የሃይድሮጅን ማደያ ስለሌለ ምሳሌውን ከውጭ ላምጣ። ሰኔ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ፣ ከኦስሎ ወጣ ብሎ ሳንድቪካ በሚባል ከተማ አንድ የሃይድሮጅን ማደያ ፈነዳ። አውራ ጎዳናዎች ተዘጉ፤ ቶዮታና ሃዩንዳይ እዚያ አገር የሃይድሮጅን መኪና መሸጥ ለጊዜው አቆሙ። የሞተ ሰው የለም። በአቅራቢያው መኪና ውስጥ የነበሩ ሁለት ሰዎች ቀላል ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ እነሱንም የመታቸው በፍንዳታው ግፊት የተከፈተው የገዛ መኪናቸው ኤርባግ ነው።

ምክንያቱ ሲመረመር የተገኘው የቡሎን ጉዳይ ሆነ። የማከማቻ ጋኑን አፍ የሚዘጋው መክደኛ ሲገጣጠም፣ የውስጠኛው ረድፍ ቡሎኖች በልካቸው አልታሰሩም። ጋዙ መጀመሪያ በትንሹ ሾለከ። ቀስ እያለ መክደኛው ሥር ግፊት ተጠራቀመ፤ በመጨረሻ የውጭዎቹን ቡሎኖች አሸንፎ መክደኛውን አነሳውና ወጣ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኛ ሙያ ነዋ። እኛ ዘንድ ቡሎን የሚታሰረው በክንድ ስሜት ነው። ቺያቬውን ስቦ እጅ «በቃ» ሲል በቃ። ለብዙ ነገር ያልፋል። የሃይድሮጅን መኪና ግን የሚሞላው እስከ 700 ባር ነው፤ የቤት መኪና ጎማ 2 ባር ከምናምን ነው፣ የቡታ ጋዝ ሲሊንደርም በተለመደው ሙቀት 10 ባር አይደርስም። በዚያ ግፊት ላይ የክንድ ስሜት ዋጋ የለውም። ከአደጋው በኋላ የማደያው አምራች ያመጣው ለውጥም የሚያስደንቅ ቴክኖሎጂ አይደለም፦ ቡሎኑ በቶርክ ሬንች ይታሰራል፣ ሁለተኛ ሰው ያረጋግጣል፣ ምልክት ይደረግበታል፣ ይመዘገባል። በእኔ ግምት ከሴንሰሩ ሁሉ በፊት የሚቀድመው ይኼ ነው፤ ሴንሰር የሚጮኸው ጋዙ ከወጣ በኋላ ነውና።

ከወጣስ ወዴት ይሄዳል? ቡታ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ይዞ ይሄዳል፤ አልጋ ሥር፣ ፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ሃይድሮጅን ከአየር 14 እጥፍ ያህል ስለሚቀል ሜዳ ላይ ከሆነ ሽቅብ ወጥቶ ይበተናል። ችግሩ ጣሪያ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ማደያው ጣሪያ ሥር ጋዝ የሚይዝ ኪስ እንዳይኖር ተደርጎ ይሠራል፣ ጋዝ ማሽተቻ ሴንሰሩም ከላይ ይሰቀላል። የእኛን ቤንዚን ማደያ ባለ ኮርኒስ ጣሪያ እንዳለ ወስዶ ለሃይድሮጅን መጠቀም አይቻልም ማለት ነው።

አፍንጫም አይረዳም። ቡታ ጋዝ የሚሸተን ሆን ተብሎ የሚሸት ኬሚካል ስለሚጨመርበት ነው፤ ሃይድሮጅን ላይ ያንን ብንጨምር መኪናው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ክፍል ያበላሸዋል። ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ሠራተኞች በድሮው ጊዜ የሚያፈስ ቱቦ ሲፈልጉ መጥረጊያ ወደ ፊት ዘርግተው ይሄዱ ነበር፤ መጥረጊያው ከተያያዘ እሳቱ እዚያ ነው! ዛሬ ያንን ሥራ የነበልባል መለያ ካሜራና ሴንሰር ይሠራዋል። ሃይድሮጅን ከአየር ጋር ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲደባለቅ ይቀጣጠላል፤ ቡታ ጋዝ ግን ከ2 እስከ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የሚያስፈልገው ብልጭታም የቡታ ጋዙን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

ሲሞላም ማሽኑ ዝም ብሎ አይለቅም። ቱቦው ከመኪናው ጋር ከተገናኘ በኋላ ጥቂት ግፊት ይልክና ይጠብቃል፤ ግፊቱ ከወረደ መሙላቱን ይተወዋል። ሾፌሩ ረስቶ ቱቦውን ይዞ ቢነሳ ደግሞ ቱቦው በታሰበበት ቦታ ይላቀቅና ሁለቱም ጫፍ ይዘጋል። (ቤንዚን ማደያ ቱቦ ይዞ የሚሄድ ሾፌር ያላያችሁ እጃችሁን አውጡ።)

ወደ እኛ አገር ሃይድሮጅን በብዛት የሚመጣው በመኪና ሳይሆን በማዳበሪያ ይመስለኛል። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ለጎዴ የዩሪያ ማዳበሪያ ፋብሪካ ተፈራርሟል፤ ዩሪያ ከአሞኒያ፣ አሞኒያ ደግሞ ከሃይድሮጅን ነው የሚሠራው። ቡሎን በልኩ የሚያስር ባለሙያ እዚያም ይፈለጋል።

እስከዚያው ቤታችሁ ያለውን የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ፈትሹ። ላርጎ በውኃ በጥብጡና ሬጉላተሩ የሚገባበት አንገት ላይ፣ ከዚያ ቱቦው በፋሼታ በታሰረበት በሁለቱም ጫፍ ቀቡት። ቫልቩን ከፍታችሁ፣ ምድጃውን ሳትለኩሱ እያያችሁ ጠብቁ። አረፋው እየተነፋ ከመጣ ቫልቩን ዝጉና ሬጉላተሩን ንቀሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የደረቀና የተሰነጠቀ ጎማ ቀለበት ነው። በክር ጠቅልላችሁ አትመልሱት፤ አዲስ አስገቡ፣ ከዚያ እንደገና ላርጎውን ቀቡ።