ጉዞው ሳይሆን ሸክሙ ይቀነስ

ከአርባ ምንጭ ሲቀላ ተነስቶ ወደ ጨንቻ በእግሩ የወጣ ሰው ዕድሜውን ከጉልበቱ ይሰማል። መንገዱ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ነገር ግን ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ተጓዡ ከቆላ ሙቀት ተነስቶ ጭጋግና ብርድ ውስጥ ስለሚገባ ውሃም ጋቢም መያዝ ግድ ይለዋል። ሸክም የሚበዛው እንዲህ ነው።

እንደሚታወቀው የሰው ልጅ ጡንቻ ከሠላሳዎቹ ዕድሜ በኋላ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ልብም በከባድ ድካም ጊዜ በደቂቃ ልትመታው የምትችለው ምት እየወረደ ይሄዳል። በመሆኑም በሃያ ዓመቱ 15 ኪሎ አዝሎ ዶርዜ የደረሰ ወጣት፣ በሃምሳው ያንኑ ልያዝ ቢል ዳገቱ ሌላ ዳገት ይሆንበታል። ይህ ስንፍና አይደለም። እኛን የሚያሳዝነን ብዙ አባቶች ሸክሙን በመቀነስ ፈንታ መንገዱን እርግፍ አድርገው መተዋቸው ነው፤ ሥራ የፈታ ጡንቻ ይበልጥ ፈጥኖ ይከሳልና። ሸሪዓችን ለሙሳፊር አራት ረክዓውን ሁለት አድርጎ አቅልሎለት ሳለ፣ እርሱ ጀርባውን የሚያከብደው ለምን ይሆን?

በተራራ ተጓዦች ዘንድ የተለመደው ልክ ለአንድ ቀን ጉዞ ከሰውነት ክብደት አንድ አስረኛ፣ አዳር ላለው ደግሞ አንድ አምስተኛ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 6 ወይም 12 ኪሎ መሆኑ ነው። ይህም ለጤነኛ ጎልማሳ ሲሆን፣ ጉልበቱን ወይም ልቡን የሚያመው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። አንድ ሊትር ውሃ ብቻውን 1 ኪሎ ነውና ውሃ የሚገኝበትን ቦታ ጠይቆ መነሳት ትልቅ እፎይታ ነው። ብዙዎች ዳገቱን ፈርተው ቁልቁለቱን ይንቃሉ፤ ጉልበት የሚጎዳው ግን ይበልጡን ሲወርዱ ነው። ምርኩዝና አጭር እርምጃ ያስፈልጋል።

መቼም በዚህ ዳገት ስለ ሸክም ሲነሳ ከደጋው እንጨት አዝለው የሚወርዱትን እናቶች ዘሎ ማለፍ አይቻልም። የእነርሱን ክብደት የሚወስነው ገበያው እንጂ ዕድሜያቸው አይደለም። በየቤታችንስ? አንድ ሙሉ ጀሪካን ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ ለእናት ከተራራ ተጓዡ ልክ በላይ ነው። ቅዳሜ ተራራ ለመውጣት ቦርሳ የሚያዘጋጅ ጎረምሳ ዓርብ ማታ ጀሪካኑን እርሱ ያምጣ፤ አባቱም አብረው ከወጡ ውሃውና ስንቁ በእርሱ ጀርባ ይሁን፣ ለአባት ጋቢያቸውና ምርኩዛቸው ይበቃቸዋል።