ኮርቻ የሌለው ሞተር ቢሲክሌት

ሞተር ቢሲክሌት ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታሰበው ፍጥነት ነው። መንገድ ላይ ሽው ብሎ የሚያልፍ፥ ጢሱንና ድምፁን ለኋለኛው ትቶ የሚሄድ ነገር ይመስለዋል። እኛም እንግሊዝ አገር ለትምህርት እስከ ሄድንበት ጊዜ ድረስ ከዚህ የተለየ አሳብ አልነበረንም። ዳሩ ግን በአንድ እሑድ ጧት በዮርክሻየር ኮረብታ ላይ ያየነው ሞተር ቢሲክሌት በእግሩ ከሚሄድ ሰው ይልቅ ቀስ ብሎ ይሄድ ነበር። መቀመጫ ስለሌለው ነጂው የሚነዳው ቆሞ ነው። ቁመቱ እስከ ወገብ በሚደርስ ድንጋይ ላይ ወጣ፤ ወረደ፤ ወንዙን ተሻገረ። ዙሪያውን የቆሙት ሰዎች ያጨበጨቡለትም ስለ ፈጠነ ሳይሆን እግሩን መሬት ስላላስነካ ነው።

ይህ ስፖርት ትራያል ይባላል። ደንቡን ለመረዳት ብዙ ድካም የለውም። ተወዳዳሪው በገደል፥ በጭቃና በድንጋይ መካከል በምልክት በተከለሉ አጫጭር የፈተና ስፍራዎች ውስጥ ያልፋል፤ በእያንዳንዱም ስፍራ አንድ ተመልካች ዳኛ ወረቀቱን ይዞ ይቆማል። እግሩን አንድ ጊዜ መሬት ያስነካ 1፥ ሁለት ጊዜ ያስነካ 2፥ ከዚያ በላይ ያስነካ 3 ይጻፍበታል። የወደቀ ወይም ከክልሉ የወጣ 5 ይቀበላል። እዚህ ነጥብ ማለት ቅጣት ስለ ሆነ፥ ማታ ሲደመር ያነሰው ነው አሸናፊው። በትምህርት ቤት ከ100 ምን ያህል አገኘህ እየተባልን ላደግን ሰዎች ይህን መልመድ ጥቂት ጊዜ ይፈጃል።

ጨዋታው ሥር የሰደደው በብሪታንያ ነው። የእስኮትላንድ የስድስት ቀን ትራያል መነሻው እ.ኤ.አ. 1909 ሲሆን፥ በዮርክሻየር የሚደረገው የስኮት ትራያል ደግሞ በ1914 ተጀመረ። ለረጅም ዘመን ያሸንፉ የነበሩት ከባድና ድምፃቸው ወፍራም የሆኑ የእንግሊዝ ሞተሮች ነበሩ። ሳሚ ሚለር የተባለው የቤልፋስት ተወላጅ ባለ 500 ሲሲ አሪየል ሞተሩን እያንዳንዱን ብረት እየመረመረ አቀለለውና በ1962 እና በ1964 የስድስቱን ቀን ውድድር አሸነፈበት። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ስፔኑ ቡልታኮ ፋብሪካ ሄዶ ሸርፓ የተባለውን ቀላል ባለ ሁለት ምት ሞተር አብሮ ሠራ፤ በ1965 ያንኑ ውድድር በዚሁ ሞተር አሸነፈ። ከዚህ ወዲህ ከባዶቹ ሞተሮች ዘመናቸው አለፈ። የዓለም ሻምፒዮና በ1975 ሲመሠረት የመጀመሪያውን ማዕርግ የወሰደው የዮርክሻየሩ ማርቲን ላምፕኪን የነዳው ቡልታኮ ነበር። ልጁም ዱጊ ከ1997 እስከ 2003 ድረስ ሰባት ዓመት በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።

የዛሬው የትራያል ሞተር ክብደቱ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሁለት ጎበዞች አንሥተው በአጥር ሊያሻግሩት ይችላሉ። የቤንዚን መያዣው ሦስት ሊትር አይሞላም። ሆዱ ሥር ድንጋይ የሚመክት የአሉሚንየም ጋሻ አለው። ጎማው ደግሞ ለስላሳና ብዙ አየር የማይፈልግ ነው፤ ለአንድ ትንሽ ኦቶሞቢል ጎማ ከ30 ፒ.ኤስ.አይ. ያላነሰ አየር ሲነፋ፥ ለዚህ የኋላ ጎማ ወደ 4 ገደማ ይበቃዋል። በአውራ ጣት ሲጫኑት ይጎደጉዳል፤ ድንጋዩን እንደ መዳፍ አቅፎ የሚይዘውም ስለዚህ ነው። ነጂው ቢወድቅ ሞተሩ እንዲጠፋ በእጁ አንጓ ላይ የሚታሰር ገመድ አለው። ከዚህ በቀር ጌጥ የሚባል ነገር ከቶ የለውም።

እኛ ይህን ዕቃ ብቻችንን ለመግዛት አቅም አልነበረንም። በዩኒቨርሲቲው የምሕንድስና ተማሪ የነበረ አንድ የአገራችን ልጅ ነበር፤ አባቱ በደሴ የካሚዮን መካኒክ ነው። እኛ በምግብ ቤት ሳሕን አጥበን ያጠራቀምነውን፥ እሱም በበኩሉ ለክረምት ወደ አገር ቤት መሄጃ ካስቀመጠው ላይ ከፍሎ እኩል እኩል አዋጣንና አንድ ያገለገለ ኢጣልያ ሠራሽ ሞተር ገዛን። ሻጩ የሰጠን የዕቃ ዝርዝር መጽሐፍ በኢጣልያንኛ የተጻፈ ስለ ነበረ ተጨንቀን ሳለ፥ ባልንጀራችን ገለጥ ገለጥ አድርጎ መሳቅ ጀመረ። ካንዴላ፥ ፍሪሲዮን፥ ማርሚታ፥ ካቴና፥ ራጂ፥ ፋሻ፤ ሁሉም አባቱ ጋራዥ ውስጥ ሲጠራ የሰማው ነው። «ይኸ እኮ የኛ ቋንቋ ነው!» አለ። እንግሊዞቹ ጓደኞቻችን መዝገበ ቃላት ሲፈልጉ እኛ የደሴን መካኒኮች እያመሰገንን ዕቃችንን አዘዝን።

ሥራውን ተካፈልን። እሱ ካቴናውን፥ ጎማውን፥ ፍሬኑንና የማርሹን ዘይት ያዘ። እኛ ካንዴላውን፥ የቤንዚኑንና የዘይቱን ቅልቅል፥ እንደዚሁም የአየር ፊልትሮውን ያዝን። ሲካፈሉት ቀላል ይመስላል።

ከእሑድ ውድድር በኋላ መጀመሪያ የሚሠራው እጥበት ነው። እዚህም ጥበብ አለው፤ ውኃውን በኃይል ወደ ኩሽኔታው ወይም ወደ አየር ማስገቢያው የሚረጭ ሰው ጭቃውን ከውጭ አንሥቶ ወደ ውስጥ ይከተዋል። ሞተሩ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ካቴናው ይቀባል። ራጂዎቹ አንድ በአንድ በካቻቢቴ ይመታሉ፤ የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የላላው ዱብ ይላል። ባልንጀራችን ይህን ሲያደርግ ክራር የሚቃኝ ይመስል ነበር። ፍሪሲዮኑ በማርሹ ዘይት ውስጥ ስለሚሠራና የትራያል ነጂ ጣቱን ከፍሪሲዮኑ ስለማያነሣ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መለወጥ አለበት። የኋላው ሹካ መጋጠሚያ ኩሽኔታዎችም ተፈትተው በግራሶ ይታሻሉ፤ ወንዝ የሚሻገር ሞተር እዚያ ውስጥ ውኃ ሳያስቀር አይመለስምና።

ፊልትሮው እንደ ስፖንጅ ያለ ነገር ነው። ታጥቦ፥ በጥላ ደርቆ፥ የሚያጣብቅ ዘይት ጠጥቶ ይመለሳል፤ ከንፈሩም በግራሶ ተቀብቶ በቦታው በደንብ መቀመጥ አለበት። ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ባለ ሁለት ምት ሞተር ፒስቶኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር የተቀላቀለው ጥቂት ዘይት ብቻ ስለ ሆነ፥ ከአየሩ ጋር አሸዋ ከገባ የሚከላከልለት ነገር የለም።

በኅዳር ወር የፈተና ሳምንት መጣ። ሁለት እሑድ በተከታታይ አሸዋ በሚወጣበት የድንጋይ ካባ ውስጥ ከተወዳደርን በኋላ ፊልትሮውን ሳናጥበው ቀረን። ባልንጀራችን «ፊልትሮውን አየኸው?» ብሎ ጠይቆን ነበር፤ እኛም «አይቼዋለሁ» አልነው። በርግጥ አይተነዋል፤ አላጠብነውም እንጂ። በሦስተኛው እሑድ ሞተሩ ለመነሣት አስቸገረ፤ ውስጡ እንደ ጠጠር ይንኳኳ ጀመር፤ በአራተኛው ዳገት ላይ አቅም አጥቶ ቆመ። የዚያን ቀን የሚነዳው እሱ ነበር። ከዳገቱ እስከ መንገዱ ድረስ በዝናብ ውስጥ ሁለታችን እየገፋን አወረድነው።

ማታ ሲሊንደሩን ስንከፍተው ግድግዳው በምስማር እንደ ተጫረ ሆኖ አገኘነው፤ ፋሻውም አልቋል። በድሮዎቹ ሞተሮች ቢሆን የብረቱን ግድግዳ በሬቲፊካ አስፍቶ ትልቅ ፒስቶን መክተት ይቻል ነበር። የዛሬው ሲሊንደር ግን አሉሚንየም ሆኖ ውስጡ በስሱ በኒኬል የተለበጠ ስለ ሆነ፥ እንደገና እንዲለበጥ ወደ ባለሙያ መላክ አለበት፤ ፒስቶንና ፋሻም አዲስ ይገዛል። ሒሳቡን ስናይ ሞተሩን ከገዛንበት ዋጋ ብዙ አያንስም።

ባልንጀራችን ድርሻውን ከፈለ። ሁሉንም እኛ እንክፈል ብንለው «የጋራ ዕቃ ነው» አለና ዘጋው። በዚያ ክረምት እናቱን ለማየት ወደ ደሴ ሳይሄድ ቀረ። ለምን እንደ ቀረ ለእናቱ በስልክ ሲነግር ከጎኑ ነበርን፤ «ሥራ በዛብኝ» ነው ያላት። አንድ ቀን እንኳ በዚህ ነገር ወቅሶን አያውቅም፤ ቢወቅሰን ይሻለን ነበር። ያደረገው ነገር ቢኖር አንድ ደብተር ገዝቶ በየእሑዱ የተሠራውን መጻፍ ነው። ያለፉትንም ሳምንታት ወደ ኋላ ተመልሶ ሞላቸው። በሁለቱ እሑዶች አንጻር በራሱ እጅ «ፊልትሮ፤ አልታጠበም» የሚል አለ። ስም አልጻፈበትም።

ሲሊንደሩ ተሠርቶ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ፥ በሜይ ወር የስድስቱን ቀን ትራያል ለማየት ወደ ፎርት ዊልያም ሄድን። ተወዳዳሪዎቹ በየቀኑ ወደ 30 የሚሆኑ የፈተና ስፍራዎችን ያልፋሉ፤ ከነዚህም አንዱ በኪንሎክሌቨን ለነበረው የአሉሚንየም ፋብሪካ ውኃ በሚያወርዱት ቧንቧዎች አጠገብ ያለው ፓይፕላይን የሚባለው ዳገት ነው። እኛን ግን ከዳገቱ ይልቅ ያስደነቀን ማታ ያየነው ነው። ተወዳዳሪው ሲመለስ ሞተሩ በተከለለ ሜዳ ውስጥ ይገባና ሌሊቱን እዚያው ያድራል፤ ከገባ በኋላ ማንም አይነካውም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በዝናብ የነዳው ሰው፥ ሳያስረክብ በፊት፥ በቀረችው ጥቂት ደቂቃ በጭቃው ላይ ተንበርክኮ ፊልትሮውን ይለውጣል። ዕድሜው ከ60 የማያንስ አንድ ሽማግሌ እጁ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ይህን ሲሠራ ባልንጀራችን ቆሞ አየው፤ እኛ ወደ ሌላ ስፍራ ሄድን።

ደመወዙን አጠራቅሞ እንዲህ ያለ ዕቃ ለመግዛት የሚያስብ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ቢጠይቀን፥ ከዋጋው በፊት የምንጠይቀው እሑድ ማታ ምን እንደሚሠራ ነው። መካኒክ ይዤለታለሁ የሚል ከሆነ፥ ኮርቻ ያለው ሞተር ይግዛ እንለዋለን። ይህን ሞተር መካኒክ ሊጠግነው ይችላል፤ በየሳምንቱ ግን አያጥብለትም።

ትምህርታችንን ጨርሰን ወደ አገራችን ስንመለስ ሞተሩን ለሽያጭ አቀረብነው። አንድ የ17 ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር መጣ። ሞተሩን ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ ደብተሩን አንሥቶ ገለጠ። ጽሑፉ አማርኛ ስለ ሆነ ቀኖቹንና ቁጥሮቹን ብቻ ነው የሚረዳው፤ ቢሆንም ሁለቱ መስመሮች ከሌሎቹ አጭር መሆናቸውን አየና «እዚህ ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀን። ባልንጀራችን ካቴናውን እየጠረገ ነበር፤ ቀና አላለም። እኛም ምን እንደሚልና ከዚያ በኋላ ሞተሩ ምን እንደ ደረሰበት፥ ፊልትሮውን ማጠብ የማን ሥራ እንደ ነበረም ነገርነው።

አባትዬው በዚህ ምክንያት ከዋጋው ላይ ጥቂት እንድንቀንስ ጠየቀን። ጉድለቱ ከኛ ድርሻ እንዲታሰብ ለባልንጀራችን በአማርኛ ነገርነው። በዚህ ጊዜ እምቢ አላለም። ከዚያም ሁለተኛውን ፊልትሮ፥ ታጥቦና ዘይት ጠጥቶ በላስቲክ የተጠቀለለውን፥ ከዕቃ ሣጥኑ አውጥቶ ለልጁ ሰጠው።